ፒክአፑና የእህቴ ቀጠሮ

አሮጌው ፒክአፕ ግቢያችን የገባው በራሱ ሞተር እየተነዳ ነበር። ሐሜት እንዳይሆንብኝ ይህን አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለአምስት ወር አንድም ቀን ሙሉ ሆኖ አላየሁትምና።

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። እኔም እዚያው መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ጡረታ ስንወጣ እኔ መነጽር አሠርቼ ሳላነባቸው የቆዩ መጻሕፍት ከሣጥን አወጣሁ። እሱ ከሐራጅ ፒክአፕ ገዛ። ሲገዛው ምንም የሚጠገን ነገር እንደሌለው ነግሮኝ ነበር። በማግስቱ ከቤት ብቅ ስል የመኪናው ወንበር በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ምነው? ይሄዳል አላልክም?» አልኩት።

«ይሄዳል። ግን ለአስፋልት የተሠራ ነው። ለእኛ አገር መንገድ ትንሽ ማስተካከል ይፈልጋል።»

«ትንሽ» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ በጣም ጠላኋት። በመጀመሪያ ድንጋይ ሆዱን እንዳይነካው ብሎ በባሌስትራው ላይ ሌላ የብረት ቅጠል ደርቦ መኪናውን ከመሬት ከፍ አደረገው። ከፍ ሲል ጎማው ትንሽ መስሎ ስለታየው ከሌላ መኪና የወለቀ ትልቅ ጎማ አመጣ። ትልቁ ጎማ ሲዞር ከላይ ያለውን ቆርቆሮ እየነካ ስላስቸገረ ቆርቆሮውን በመጋዝ ቆረጠው። ሲቆረጥ ጭቃ የሚከላከል ነገር ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱን ሲያስተካክል ሌላው እየተበላሸ፣ እኔ የልብስ ማስጫ ገመዴን ሦስት ጊዜ ከቦታ ቦታ አዛወርኩ። ባትሪው ሳሎን ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሊጠይቁን የሚመጡ ሰዎች በረንዳ ላይ በመኪና ወንበር ይቀመጡ ጀመር፤ አንዳንዶቹም ምቹ ነው ብለው አመሰገኑ። ልብስ የማጥብበት ሳፋ ውስጥ ናፍጣና ብሎን አገኘሁ።

«ታጥቦ ይለቃል» አለ።

አልለቀቀም። ሌላ ሳፋ ገዛሁ፣ አዲሱን ግን ከመኝታ ቤት አላወጣውም።

ይህ ሁሉ ቢያበሳጨኝም የሰው ጉዳይ አልነበረበትም። የሰው ጉዳይ የገባበት በታላቅ እህቴ ምክንያት ነው።

እህቴ የሚኖሩት ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ታች፣ ከዋናው መንገድ ርቆ ባለ ገጠር ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጡኛል። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርኩት እሳቸው በየሳምንቱ ስንቄን ተሸክመው ከዚያ ቁልቁለት ደብረ ታቦር ድረስ እየወጡ ነው። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በቀረችው ላይ የዓይን ሞራ ገብቶ፣ ባለፈው ክረምት ከራሳቸው ደጅ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቁ። ጥቅምት ላይ የዓይን ሐኪሞች ከሌላ አገር መጥተው ለጥቂት ቀን እዚህ እኛ ያለንበት ደብረ ታቦር ሞራ እንደሚገፉ ተነገረ። ሄጄ አስመዘገብኳቸው። ቀጠሯቸው በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆነ።

«ቢያመልጣቸውስ?» ብዬ መዝጋቢዋን ጠየቅኋት።

«ለሚቀጥለው ዙር ነው።»

«የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው?»

«እሱ አይታወቅም፣ እማማ።»

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ መጣሁ። ችግሩ እህቴን ከዚያ ማውጣቱ ነበር። ባጃጅ እዚያ አይወርድም፤ አውቶቡስም የሚቆመው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ነው፤ ጉልበታቸውም እንደ ዓይናቸው ደክሟል። ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ እናውጣዎት ቢሏቸው «በቃሬዛ የምወጣ ስሞት ነው» ብለው መለሱ። እኔ መኪና ልከራይ አሰብኩ። ለባለቤቴ ስነግረው እንደ ተሰደበ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«ግቢ ውስጥ መኪና ቆሞ የሰው መኪና?»

«የቆመው መኪና መቀመጫ የለውም።»

«ለሚካኤል ያልቃል። እኔ ራሴ ነኝ የማመጣቸው።»

አርባ ዓመት የሰው መኪና ነድቶ ይህ የመጀመሪያ የራሱ መኪና ነው። ይህን አስቤ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ጥፋት ነበር።

የቀረው የኋላው ነው። የመጫኛውን የድሮ ስፖንዳ ዝገት በልቶታል ብሎ አራቱንም ጎን ነቅሎ ጥሎት፣ የኋላው ጠፍጣፋ ወለል ብቻ ሆኗል። በምትኩ ከጋሳይ በኩል ድንችና ገብስ የሚያመጣበት ረዥም የብረት አጥር ሊያቆምበት ፈለገ። እዚህ ከተማ በያጅ ሞልቶ ሳለ፣ የከብት መጫኛ አጥር አሳምሮ የሚሠራ ሰው ያለው አንበሳሜ ነው ብሎ ወደዚያ ደወለ። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ በመኪናው ላይ ክንዱን እየዘረጋ ይለካል።

«ወርዱ ሦስት ክንድ ከስንዝር። ርዝመቱ አራት ክንድ ተኩል። ጻፍከው?»

«ሜትር መሳቢያው ውስጥ አለ» አልኩት ከደጃፍ ሆኜ።

እጁን አወዛወዘብኝ። ስልኩን ሲዘጋ «አርባ ዓመት ጭነት የለካሁ በዚህ ክንድ ነው» አለኝ።

መዝገብ ቤት ስሠራ አንድ ወረቀት ቁጥርና ቀን ሳይጻፍበት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። መሳቢያውን ከፍቼ ሜትሩ መኖሩን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

አጥሩ በሚካኤል ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። በያጁም አብሮት መጥቶ ነበር። ሰውየው ከመኪናው ሲወርድ ሳየው ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ትከሻዬ ላይ አይደርስም። ትሑትና ሥራው ያማረ ሰው ነበር፤ ብየዳው ላይ አንድ ጉድፍ አይገኝም። አጥሩን ተሸክመው ፒክአፑ ላይ ሲያኖሩት ግን በወለሉ መሃል፣ ትልቅ ትሪ ላይ እንደ ተቀመጠ ትንሽ ድስት ሆነ። ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በአራቱም በኩል ውጭ ቀሩ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ባለቤቴ።

«ያሉኝን ነው የሠራሁ፣ አባባ። ሦስት ክንድ ከስንዝር።» በያጁ ክንዱን ብረቱ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አጋደመና ጣቶቹን ዘርግቶ ጨመረበት። ልክክ አለ።

ባለቤቴ የራሱን ክንድ አጋደመ። ሦስት ክንድ ሳይሞላ ብረቱ አለቀበት።

ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌና ጎልማሳ ክርናቸውን ኮፋኖው ላይ ተክለው፣ ጎን ለጎን ክንዳቸውን አቁመው ተያዩ። በያጁ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አባባ፣ ይኼ ክንድ ነው የጣውላ ቁራጭ?»

«ሙሉ ሰው የሚባለው ክንዱ ይኼን ያህላል» አለ ባለቤቴ ሳይስቅ።

ገብቼ ሜትሩን አመጣሁና ኮፋኖው ላይ፣ በክርናቸው መሃል አስቀመጥኩት። ማንም አልነካውም።

«ይቀጠላል» አለ በያጁ። «ቀላል ነው። ግን ነገ ሚካኤል ነው። ሚካኤልን ብረት አልመታም። ከነገ ወዲያ ልምጣ።»

«ከነገ ወዲያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሐኪም ቤት መገኘት አለብን» አልኩ።

በያጁ አንገቱን ደፋ። ስለሚካኤል ማንም ሊከራከረው አልቻለም፤ እኛም ብንሆን በዚያ ቀን መዶሻ አናነሳም። አጥሩን አውርዶ ከግድግዳው ጋር አስደገፈው፣ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠውም ሮጦ ሄደ።

የሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴ በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ መኪናውን ያያል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«እንዲሁ እንሂድ» አልኩት።

«ጎኑ ባዶ የሆነ መኪና ይዤ? ሰው ምን ይላል?»

«ድንች አይደለም የምናመጣ። እህቴ ጋቢና ውስጥ ነው የሚቀመጡት።»

በኋላ ብሎን ማጥበቅ ብረት መምታት አይደለም ብሎ ለራሱ ወሰነና ወንበሩን ከበረንዳ አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰ። እኔም ይህን ጉዳይ ለካህን የማቀርብበት ምክንያት አልታየኝም። ልሳፈር ስቀርብ የጋቢናው ወለል ደረቴ ጋ ነው።

«መርገጫው የት አለ?»

«ፈትቼዋለሁ። ከአጥሩ ጋር ሊበየድ ነበር።»

ከቤት የምንቀመጥበትን ዱካ አምጥቼ በእሱ ላይ ወጣሁ። ዱካውን ማንሣት ረስቼ እዚያው በር ላይ ጥለነው ሄድን። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው።

ከዋናው መንገድ ወጥተን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር የባለቤቴ ፊት በራ። ድንጋይ በበዛበት ሁሉ ዝግ ይልና «አየሽ? አልነካም» ይለኛል። ትንሽ ሄዶ ደግሞ «ይቺን አየሻት? ሌላ መኪና ቢሆን እዚች ላይ ይቀር ነበር።» አሥር ጊዜ ያህል አየሽ አለኝ። እኔ በሁለት እጄ በሩን ይዤ ነበር፤ ምንም አላየሁም።

እህቴ ነጭ ለብሰው ጓዛቸውን በጨርቅ ቋጥረው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ደረስን። ሚካኤል ስለሆነ ጎረቤቶቻቸው ጠላ እየጠጡ እዚያው ተሰብስበዋል። እህቴ ድምፃችንን ሰምተው ተነሡና እጃቸውን ዘርግተው መኪናውን መዳሰስ ጀመሩ። ከጎማው ተነሥተው ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄዱ።

«አማቼ፣ በሩ የት ነው?»

«ከላይ ነው» አለ ባለቤቴ።

«ሰማይ ላይ?»

ሰው ሳቀ። ከቤት ዱካ አመጡ፤ በዱካው ላይ ሌላ ዱካ ደረቡ። እህቴ አንድ እግራቸውን ቢያነሡ ጉልበታቸው እንቢ አላቸው። ባለቤቴ ከላይ እጃቸውን ይዞ ይስባል፣ አንድ ጎረቤት ከኋላ ሊደግፋቸው ቀረበ።

«ከኋላዬ ማንም አይግፋኝ!» አሉ እህቴ። «ሰባ ዓመት አልፎኝ በሚካኤል ቀን እንደ ጆንያ አልገፋም።»

ወረዱ። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና ወረዱ። ከዚያ በኋላ በዱካዋ ላይ ተቀምጠው፣ «በቃ፣ ቀረ። እስካሁንም ኖሬበታለሁ» አሉ። በቀስታ ነው ያሉት። ባለቤቴን አየሁት፤ የደረበውን ባሌስትራ ጎንበስ ብሎ ያያል። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን ወረቀት በጣቴ ያዝኳት።

ከጠላው መሃል አንድ ሸምገል ያለ ገበሬ፣ የእህቴ የቅርብ ጎረቤት፣ ተነሣ። «ይኼን ያህል ጊዜ ምን ያከራክራል? የኋላውን ወደ እርከኑ አስጠጋው። በሬ የምንጭን እንዴት ነው?»

«በሬ ነው ያለኝ?» አሉ እህቴ።

«በሬስ ዝም ብሎ ይገባል፤ አንቱ ነዎት ያስቸገሩን።»

ባለቤቴ መኪናውን አዙሮ ወደ ኋላ እየነዳ ከማሳው እርከን ጋር አገናኘው። የእርከኑ አፈርና የመኪናው ወለል እኩል ሆኑ። ገበሬው ዙሪያው ባዶ የሆነውን ወለል አየና «አጥሩስ?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ ስለ አንበሳሜው በያጅ፣ ስለ ክንዱና ስለ ስንዝሩ ከመጀመሪያው መተረክ ጀመረ። ገበሬው እስኪጨርስ አልጠበቀም። ከሁለት ሰዎች ጋር እህቴ ቤት ገብቶ የጠፍር አልጋቸውን ይዞ ወጣ። አልጋውን ገልብጠው እግሮቹን ወደ ላይ አድርገው ወለሉ ላይ አስቀመጡት፤ ከሥር ከመኪናው ጋር ጠፍረው አሰሩት። በአራቱ እግሮች ዙሪያ የመጫኛ ገመድ ሁለት ዙር አዞሩበት። ውስጡን ጭድ ሞሉበትና የበሬ ቆዳ ጀንዲ አነጠፉበት።

«ይኼው አጥር» አለ ገበሬው እጁን እያራገፈ።

አልጋው በወለሉ ላይ ግራና ቀኝ እኩል ገብቶ ተቀምጧል።

«አምስት ወር» አልኩ።

«እሱ ለጊዜው ነው» አለ ባለቤቴ።

እጃቸውን ያዝኳቸውና እህቴ ከእርከኑ ላይ በእግራቸው፣ ቀጥ ብለው ተራምደው ገቡ። ጭዱ ላይ ተቀመጡ። የአልጋቸውን እግር በእጃቸው ይዘው፣ «እኔ ስመለስ የምተኛበትን ይዛችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው» አሉ። እኔም ጋቢናውን ትቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ለመንገድ ብለው በጄሪካን ጠላ ሰጡን።

ዳገቱ ላይ መኪናው ማጓራት ጀመረ፤ ከኮፋኖው ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። ባለቤቴ ቆሞ ወረደ። ራዲያተሩ ፈልቷል፤ ትርፍ ውኃ አልያዘም። ዓይኑ ጄሪካኑ ላይ አረፈ።

«ምንም አይለውም፣ ጠላም ያው ውኃ ነው» አለ።

እህቴ አላዩትም፤ ግን ጄሪካኑን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «የሚካኤልን ጠላ ለብረት? አማቼ፣ ከፈለግህ ወርጄ ልግፋልህ።»

ባዶ የዘይት ዕቃ ይዞ ወደ ታች ወንዝ ወረደ። እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እህቴ በዚያ ጊዜ ዙሪያው ምን እንደሚታይ ይጠይቁኝ ነበር። ገብሱ ታጭዷል አልኳቸው። የማን ገብስ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። «ከወዴት በኩል ነው?» አሉ፤ ነገርኳቸውና የማን እንደሆነ እሳቸው ነገሩኝ።

ደብረ ታቦር የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በግቢያችን እርከን የለም። ባለቤቴ ጥቂት አስቦ መኪናውን ወደ ኋላ ነድቶ ከበረንዳው ጋር አገጣጠመው። ልኩ ነበር፤ እህቴ በቀላሉ ወደ ቤት ገቡ። ጎመኔ ግን እዚያ መሃል ነበር። ሁለት መደብ ሙሉ በዚያ ትልቅ ጎማ ሥር ገባ። ባለቤቴ ከጋቢናው ወርዶ ጎመኑን አየና ወደ እኔ አየ።

«ይበቅላል» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ጠራሁ። ባለቤቴ አልተቃወመም። እህቴ የባጃጁን ወለል በእግራቸው ሲያገኙት፣ «መኪና ማለት ይኼ ነው» አሉ፣ ጮክ ብለው፣ እሱ እንዲሰማ። ሐኪም ቤት ደርሰን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስማቸው ተጠራ። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ባለቤቴ ግን ፒክአፑን ይዞ ከኋላችን መጥቶ ከግቢው ውጭ ኮፋኖውን ከፍቶ ነበር። ለምን እንደመጣ አልጠየቅሁትም።

ሞራው ተገፍቶ ዓይናቸው ላይ የታሰረው ፋሻ የተነሣው በበነጋው ነው። ነርሷ ቀስ አድርጋ ስታነሣው እህቴ ዓይናቸውን ለረዥም ጊዜ ሳይከፍቱ ቆዩ። ከዚያ ከፈቱ። በመጀመሪያ ነርሷን አዩ፣ ቀጥለው መስኮቱን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፊቴን አለፉና የነጠላዬን ጫፍ ያዙ።

«ይኼ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከትከሻዬ እስከ ጥለቱ ድረስ የመኪና ቅባት ተጨማልቆበታል። ሦስት ቀን ለብሼው ሳላየው ኖሬአለሁ።

«ግሪስ ነው» አልኳቸው።

«እንዲህ ሆነሽ ነው ሰው መሃል የቆምሽ?»

ነጠላውን አጥፌ ቅባቱን ወደ ውስጥ አደረግሁት። እህቴ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ገለጡት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳብ አደረጉትና እያንዳንዱን ነጠብጣብ በጣታቸው እየነኩ ከላይ ጀምሮ መቁጠር ጀመሩ። ነርሷ ሌሎች ሕመምተኞች እንደሚጠብቋት በዓይኗ ነገረችኝ። እኔ ነጠላውን ዘርግቼ ያዝኩላቸው።